ከልጃችሁ ጋር በእግራችሁ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ?

ባለፈው ዕትም በቤት ውስጥ ስለ መደማመጥ ከጻፍኩ በኋላ ከብዙ ወላጆች ጥያቄ ደርሶኛል። አነጋገሩ ይለያይ እንጂ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ልጃችን አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው አንደበቱ ተዘጋ። ስንጠይቀው ‹እሺ› እና ‹ምንም› ከማለት በስተቀር መልስ የለውም። ቁጭ አድርገን ስናናግረው ደግሞ ይብስበታል። ምን እናድርግ?»

ዛሬ ለዚህ ጥያቄ የምሰጠው መልስ ከወትሮው ለየት ይላል። ቁጭ አድርጋችሁ አታናግሩት እላችኋለሁ። ይልቅ ተነሡና አብራችሁት በእግራችሁ ሂዱ። የት? ለዚህ የሚመች አንድ ቦታ አውቃለሁና ዛሬ እናንተን ይዤ ወደ ባሕር ዳር እወርዳለሁ። እዚያ ድረስ ለመሄድ የማትችሉም ብትሆኑ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ከዚህ መንገድ ታሪክ ውስጥ ለየቤታችን የሚሆን ነገር አለ።

ስሙ የሚያስደነግጥ ቦታ

እኔና ባለቤቴ የምናገለግለው በአሜሪካን አገር፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ነው። ኦክላንድና ሳን ሆዜ ሐበሻ በብዛት የሚኖርባቸው ከተሞች እንደሆኑ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ደቡብ፣ የባሕሩን ዳር ይዛችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል በመኪና ብትሄዱ ፓስፊካ የምትባል ከተማ ታገኛላችሁ። ከእርሷ ቀጥሎ ሞንታራ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በሁለቱ መካከል ተራራው እግሩን ባሕር ውስጥ ነክሮ ቆሟል። ገደሉን ቁልቁል ሲያዩት ራስ ያዞራል። በዚህ ገደል ወገብ ላይ ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ የተተወ የአስፋልት መንገድ አለ። ርዝመቱ 1.3 ማይል፣ ማለትም 2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደርሶ መልስ 4 ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ ማለት ነው።

የቦታው ስም በእንግሊዝኛ «ዴቪልስ ስላይድ» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «የሰይጣን መንሸራተቻ» እንደ ማለት ነው። አንድ ቅዳሜ የሴቶች ኅብረታችንን ይዘን ልንሄድ ስንነሣ በዕድሜ የገፉ አንዲት እናታችን ስሙን ሲሰሙ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ «ልጆቼ፣ እናንተ ሂዱ፤ እኔ እሱ በተንሸራተተበት ምን አለኝ?» ብለው አሳቁን። ለምነን ወሰድናቸው። ባሕሩን ፊት ለፊት ከሚያሳየው አግዳሚ ወንበር ላይ ከተቀመጡ በኋላ ግን እንነሣ ብንላቸው እምቢ ያሉት እርሳቸው ሆኑ። «ፈጣሪ የሠራውን ቦታ ለምን ለእሱ ይሰጡታል?» አሉ። እኔም ሐሳባቸውን እጋራለሁ። ይሁንና ስሙን ያወጡለት ሰዎች ያለ ምክንያት አላወጡለትም። ቦታው ለብዙ ዓመታት የመንገደኛ ሁሉ ሥጋት ነበር።

ተራራው እምቢ ያለው መንገድ

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የዚህ ቦታ ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በዚህ ገደል ላይ ቀድሞ የመጣው ባቡር ነው። «ኦሽን ሾር» የተባለ የባቡር ኩባንያ ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ ሳንታ ክሩዝ የባሕሩን ዳር ተከትሎ ሐዲድ ሊዘረጋ በ1905 ሥራ ጀመረ። በዓመቱ፣ በሚያዝያ 1906፣ ሳን ፍራንሲስኮን ያፈራረሰው ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ መጣና በገደሉ ላይ የተሠራውን ከነሥራ መሣሪያው ወደ ባሕር ጣለው። ኩባንያው ሥራውን ቢቀጥልም ሐዲዱ ሁለቱን ከተሞች ሳያገናኝ በ1920 አገልግሎቱን አቆመ። ከዚያ የመኪና መንገድ ተራ ሆነ። እርሱም በ1937 ተከፈተ።

ተራራው ግን መኪናውንም ቢሆን አልወደደውም። ምክንያቱን በቀላሉ ላስረዳችሁ። በደቡብ በኩል ያለው ተራራ ጠንካራ ግራናይት ነው። ከእርሱ ጋር የሚዋሰነው ግን አሸዋና ጭቃ እንደ እንጀራ ተነባብሮ በብዙ ዘመን የጠጠረ ድንጋይ ነው፤ ንብብሩም ቀጥ ብሎ አልተቀመጠም፣ ወደ ጎን አዘንብሏል። ከላይ የክረምቱ ዝናብ በየስንጥቁ ይገባል። ከታች የባሕሩ ማዕበል እግር እግሩን ይበላዋል። እንግዲህ መንገዱ የተሠራው ከላይ እየራሰ ከታች እየተበላ በሚሄድ መሬት ላይ ነው። ሲጠግኑት ይወርዳል፤ እንደገና ሲጠግኑት እንደገና ይወርዳል። በ1995 ተደርምሶ 158 ቀን ተዘጋ። በ2006 ደግሞ አራት ወር ያህል ተዘጋ። በእነዚያ ወራት በስተደቡብ ያሉት ነዋሪዎች ለሥራ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ለመሄድ በሌላ መንገድ ተራራውን መዞር ግድ ሆነባቸው።

የመንግሥት መሐንዲሶች ከተራራው ጀርባ ሰፊ አውራ ጎዳና እንሥራ የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። የአካባቢው ሰዎች ደግሞ ተራራውን ለሁለት መክፈል ነው ብለው ተቃወሙ። ጉዳዩ በ1972 ፍርድ ቤት ገባ፤ ክርክሩም ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ በ1996 ሕዝቡ ድምፅ እንዲሰጥበት ሲደረግ ከ100 ሰው 74ቱ፣ «ተራራውን አትቁረጡ፤ በውስጡ ዋሻ ቆፍሩና መኪናው በዚያ ይለፍ» ብሎ ወሰነ። እያንዳንዳቸው ከ1200 ሜትር በላይ የሚረዝሙ ሁለት ዋሻዎች ተቆፍረው በመጋቢት 2013 ተከፈቱ። ዋሻዎቹ የተሰየሙት በቶም ላንቶስ ስም ነው። ላንቶስ በሃንጋሪ ተወልዶ ከናዚዎች እልቂት የተረፈ፣ ከእልቂቱ ከተረፉት መካከልም ለአሜሪካ ምክር ቤት የተመረጠ ብቸኛ ሰው ነው። ለዋሻው የሚሆነውን ገንዘብ ለማስገኘት ብዙ ደክሟል። ዋሻው ሲከፈት ግን አላየውም፤ በ2008 ዐረፈ።

መኪናው ወደ ዋሻው ሲዛወር አሮጌው መንገድ ባዶውን ቀረ። የሳን ማቴዮ አውራጃ የመናፈሻዎች መሥሪያ ቤት ተረከበው፤ የእግረኛውንና የብስክሌቱን መስመር በቀለም ለይቶ፣ አግዳሚ ወንበርና ባሕሩን የሚያቀርብ መነጽር ተክሎ፣ መጋቢት 27 ቀን 2014 ለሕዝብ ከፈተው። እኔና ባለቤቴ መጀመሪያ የሄድነው በዚያው ዓመት ነው። ሾፌሮች መሪውን ጨብጠው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ያልፉበት በነበረው መታጠፊያ ላይ እናቶች የሕፃን ጋሪ እየገፉ ቀስ ብለው ሲሄዱ አየን።

ጭነቱን ወደ ዋሻው

ውድ አንባቢዬ፣ እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም።

ሰባ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰዎቹ ጥያቄ «ይህን መንገድ እንዴት አድርገን እናጠንክረው?» የሚል ነበር። ነገሩ የተፈታው ግን ጥያቄው ሲቀየር ነው። «ይህን ሁሉ ጭነት የግድ በዚህ ላይ ማሳለፍ አለብን ወይ?» ብለው ጠየቁ። ከባዱን ለብቻው መተላለፊያ ሠሩለት። ቀሊሉን መንገድ ለእግር ተዉት። ተራራው ዛሬም ያው ተራራ ነው፤ መንሸራተቱን አልተወም። ነገር ግን ጭነቱ ስለ ቀነሰለት የሰው መደሰቻ ሆነ።

በእኛና በልጆቻችን መካከል ያለውን መንገድ ደግሞ እንመልከት። በቀን ውስጥ ከልጃችን ጋር የምንገናኘው ስንት ደቂቃ ነው? በዚያች ደቂቃ ውስጥ የምናሳልፈው ጭነትስ ስንት ነው? ውጤትህ ለምን ወረደ? ክፍልህን ለምን አላጸዳህም? ስልኩን አስቀምጥ። ቤተ ክርስቲያን ለምን አትመጣም? የእገሌ ልጅ ኮሌጅ ገባ፤ አንተስ? አንድም ሐሰት የለበትም፤ ሁሉም መነገር ያለበት ነው። ግን ሁሉንም በዚያች አንዲት ጠባብ መንገድ ላይ ስናሳልፍ መሬቱ ይከዳናል። ልጁ ገና ድምፃችንን ሲሰማ ክፍሉን የሚዘጋው ክፉ ስለሆነ አይደለም። በዚያ ድምፅ ምን እንደሚመጣ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው።

እንግዲህ የምለው ይህን ነው። ለከባዱ ነገር የራሱን ሰዓት ስጡት፤ ለውጤትም ሆነ ለተግሣጽ ቀን ቁረጡለት። ከዚያ ውጪ ደግሞ አንድ መንገድ፣ አንድ ብቻ፣ ጭነት የማያልፍበት ይሁን። በዚያ ላይ በእግር ብቻ ይኬድ።

የአንድ ቤተሰብ ቅዳሜዎች

ፈቃዳቸውን ጠይቄ፣ ስማቸውን ሳልጠቅስ የአንድ ቤተሰብ ነገር ላጫውታችሁ። አባት ሌሊት ሌሊት ታክሲ ይነዳል፤ እናት አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። የሚደክሙት ለልጆቻቸው ነው። የበኩር ልጃቸው አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። የተወለደው እዚሁ ነው። አማርኛ ይሰማል፤ ሲናገር ግን ይሰበርበታል። አባቱ እንግሊዝኛ ይችላል፤ ሲቆጣ ግን የሚመጣለት አማርኛ ብቻ ነው። በአንድ ቤት እየኖሩ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ድንገት ሲገናኙ የሚነሣው የሒሳብ ውጤት ነው። አንድ ቀን ነገሩ ከረረና ልጁ ሦስት ቀን ከቤተሰቡ ጋር ማዕድ ሳይቀርብ ቀረ። እናቱ እያለቀሰች ወደ እኛ መጣች።

ባለቤቴ አባትየውን ጠርቶ፣ «ለአራት ቅዳሜ ልጅህን ይዘህ ወደዚያ የባሕር ዳር መንገድ ሂድ» አለው። «አንድ ሕግ ብቻ አለ፤ ስለ ትምህርት አታንሣ፤ አትምከረው፤ አትገሥጸው።» አባትየው ዝም ብሎ ቆየና፣ «ታዲያ ምን ልናወራ ነው?» ብሎ ጠየቀ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከልጁ ዝምታ ይልቅ ይህ ጥያቄ አሳዘነኝ።

ልጁም በበኩሉ ብስክሌቴን ይዤ ካልሆነ አልሄድም አለ። ይሁን ተባለ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ገና ከመኪናው እንደ ወረዱ ልጁ ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ተፈተለከ። አባት ብቻውን ሄደ። ሰኞ ዕለት ለባለቤቴ ደውሎ፣ «ፓስተር፣ ምን ዋጋ አለው? እሱ ጥሎኝ ሄደ፤ እኔ ባሕር አይቼ ተመለስኩ» አለ። ባለቤቴም፣ «መጨረሻው ላይ ጠበቀህ?» አለው። «አዎ፣ ቆሞ ጠበቀኝ።» «እንግዲያው አብራችሁ ሄዳችኋል» አለው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ልጁ እስከ ጫፍ ይሄድና ወደ አባቱ ይመለሳል፤ እንደገና ይሄዳል፣ እንደገና ይመለሳል። አባት አንድ ጊዜ ሲሄድበት ልጁ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለሰበት። በሦስተኛው ቅዳሜ ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ልጁ ከብስክሌቱ ወርዶ እየገፋ ከአባቱ ጎን መሄድ ጀመረ። ከዚያ በዚያች በተሰበረች አማርኛው፣ «አባዬ፣ አንተ ልጅ ሆነህ ብስክሌት ነበረህ?» አለው።

አባት ሳቀ። ወሎ ውስጥ፣ ገጠር ነው ያደገው። ገና ሳይነጋ ተነሥቶ፣ ቆሎውን በኪሱ ይዞ፣ በባዶ እግሩ ወደ ትምህርት ቤት ይሄድ እንደ ነበር ነገረው። ክረምት ሲሆን ወንዙ ሞልቶ ከወዲያ ማዶ ታግተው እንደሚያድሩ፣ አንድ ጊዜ ጓደኛው ደብተሮቹን ጎርፍ ወስዶበት እንዳለቀሰ ነገረው። ልጁ ይህን ሁሉ ከዚያ ቀን በፊት ሰምቶት አያውቅም። «ለምን አልነገርከኝም?» አለው። አባትም፣ «መቼ ጠየቅከኝ?» አለ። ልጁ ብስክሌቱን እየገፋ፣ ወደ ባሕሩ እያየ፣ «መቼ ነበርክ?» አለው።

አባትየው ለዚህ መልስ አላገኘለትም። እስከ መኪናቸው ድረስ ዝም ብለው ሄዱ።

ወላጆች ሆይ፣ ይህች ቃል በጠረጴዛ ዙሪያ ብትነገር ኖሮ ጠብ ትሆን ነበር። «ከአባትህ ጋር እንዲህ ነው የምትናገረው?» ይባል ነበር። እዚያ ግን ባሕሩ ነበረ፣ ነፋሱ ነበረ፣ የሚቀር አንድ ኪሎ ሜትርም ነበረ። አባትየው ቃሏን ይዞ ለመሄድ ጊዜ አገኘ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የዓርብ ሌሊት ሥራውን ተወ። የዓርብ ሌሊት ደግሞ ለታክሲ ነጂ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከሳምንቱ ሁሉ የተሻለ ገቢ የሚገኝበት ነው። ቤት ኪራዩ አልቀነሰላቸውም። እናት አንድ ተጨማሪ ፈረቃ ገባች። ብዙ ነገር ከወጪያቸው ቆረጡ። ቅዳሜ ጠዋት ግን አባት ተኝቶ አይገኝም።

የሒሳቡ ውጤት ተሻሻለ ወይ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። በዚያ ወቅት አልተሻሻለም። አሁንም ይከራከራሉ፤ እናቱ ስታወራኝ እየሳቀች ነው። የከባዱ ነገር ሰዓት እሑድ ማታ ነው፤ በዚያ ሰዓት አባት ይናገራል፣ ልጅም ይመልሳል። ቅዳሜ የእግር ነው።

አባት ከባሕር ሆኖ ይጠራል

በዚህ መንገድ ስትሄዱ ሳትቆሙ እንዳታልፉት የምለምናችሁ አንድ ቦታ አለ። ከገደሉ ፈንጠር ብሎ ባሕር ውስጥ አንድ ቋጥኝ ቆሟል። በጸደይና በበጋ በመነጽር ብታዩት ላዩ በወፍ ተሸፍኗል። ጀርባቸው ጥቁር፣ ሆዳቸው ነጭ፣ ቀጥ ብለው የሚቆሙ፣ ከሩቅ ሲያዩአቸው ፔንግዊን የሚመስሉ ወፎች ናቸው። «ሙር» ይባላሉ። ጎጆ አይሠሩም፤ በባዶ ድንጋይ ላይ አንዲት እንቁላል ብቻ ይጥላሉ።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ በዚህ ቋጥኝ ላይ ወደ 3000 የሚጠጉ ወፎች ነበሩ። የዓሣ መረብ ብዙዎቹን ጨረሰ፤ በ1986 ደግሞ ከአንድ የነዳጅ ጀልባ ዘይት ፈስሶ የቀሩትን ጨረሰ። ቋጥኙ ባዶውን ቀረ። እነዚህ ወፎች ብቻቸውን አይራቡም፤ ወገኖቻቸውን ካላዩና ካልሰሙ አይቀመጡም። ስለዚህ በ1996 የዱር እንስሳት ባለሙያዎች በጀልባ ወጥተው በወፍ አምሳል የተሠሩ በመቶ የሚቆጠሩ ቅርጾች በቋጥኙ ላይ ተከሉ። መስታወትም አቆሙ፤ የወፎቹን ድምፅ ቀድተውም በማጉያ አሰሙ። በዚያው ዓመት ስድስት ጥንዶች መጥተው እንቁላል ጣሉ። ዛሬ የምታዩት ከዚያ የተነሣውን ነው። በሰው አገር የምንኖር ሁሉ ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የወገን ድምፅ የሰማንበት ቦታ ነው ጎጆ የወጣንበት።

ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ግን የጫጩቱ ነገር ነው። ጫጩቱ ሦስት ሳምንት ያህል ሲሆነው፣ ገና መብረር ሳይችል፣ ከቋጥኙ ላይ ዘሎ ወደ ባሕር ይወርዳል። አባቱ ከታች ውሃው ላይ ሆኖ ይጠራዋል። ጫጩቱ ድምፁን ለይቶ ወደ እርሱ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ጎን ለጎን እየዋኙ ወደ ጥልቁ ይወጣሉ፤ አባቱ ለአንድ ሁለት ወር እያበላው አብሮት ይቆያል። የሚያሳድገው አብሮት እየሄደ ነው።

ስትሄዱ እነዚህን አትርሱ

በመጀመሪያ፣ ነፋሱ ብርቱ ነው። በሰኔና በሐምሌ እንኳ ጉሙ ከባሕር ተነሥቶ ድንገት ይሸፍናችኋልና ሹራብና የሚጠጣ ውሃ ያዙ። በሁለቱም ጫፍ ያለው የመኪና ማቆሚያ ትንሽ ስለሆነ በማለዳ መድረስ ይሻላል። መንገዱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት (በአሜሪካኖቹ አነጋገር 8 ሰዓት) ተከፍቶ ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘጋል። መግቢያ አይከፈልበትም። አስፋልት ስለሆነ ለሕፃን ጋሪና ለተሽከርካሪ ወንበር ይመቻል፤ ነገር ግን ዳገት ስላለው ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶች በየወንበሩ እያረፉ ይሂዱ።

ሁለተኛ፣ መስመራችሁን ጠብቁ። እኛ ሐበሾች ስንሄድ ጎን ለጎን ተሰልፈን፣ ጨዋታው ሲደራም መሐል መንገድ ላይ መቆም እንወዳለን። ከኋላ የሚመጣው ባለ ብስክሌት ግን ይህን አያውቅም። እግረኛ በእግረኛው መስመር ይሂድ። ባለ ብስክሌትም ቁልቁለቱ ላይ ይቀንስ፤ ሰው ሊያልፍ ሲል ደወሉን ያሰማ። ከግንቡና ከአጥሩ ወዲያ ማንም አይሻገር፤ ገደሉ ቀልድ አያውቅም።

ሦስተኛ፣ የልጃችሁን ፍጥነት አትቀሙት። ብስክሌት የያዘ ልጅ ይቀድማችኋል። ይቅደም። መንገዱ አንድ ነው፤ ወዴትም አይጠፋባችሁም። በየመታጠፊያው «ቀስ በል!» እያላችሁ አትጩኹበት። ሲመለስ ግን በደስታ ተቀበሉት።

አራተኛ፣ ዝምታን አትፍሩ። ጎን ለጎን ሲሄዱ ዓይን ለዓይን መተያየት የለም፤ ስለዚህ ዝም ማለትም እንደ ቁጣ አይቆጠርም። ብዙ ልጅ ዓይኑን እያዩት ሲጠይቁት የማይመልሰውን፣ ሁለቱም ባሕሩን እያዩ ሳሉ ራሱ ያነሣዋል። ሲያነሣው ደግሞ ለመመለስ አትቸኩሉ። ከቻላችሁ ስልካችሁን መኪና ውስጥ ተዉት፤ እርሱ የእርሱን እንዲተው መጠየቅ የሚቻለው ያኔ ነው።

ባሕር ለሌላችሁ

አገር ቤት ያላችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ «እኛ ባሕር ከየት እናምጣ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ሐዋሳ ያላችሁ የሐይቁ ዳር አላችሁ። አዲስ አበባ ያላችሁም በእኛ አቆጣጠር ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር በብዙ ጎዳናዎች ላይ ተሠርቶላችኋል። ይህም ከሩቅ ለሆነባችሁ ከቤታችሁ እስከ ቤተ ክርስቲያን ያለው መንገድ ይበቃል፤ ታክሲውን አንድ ቀን ተዉትና ከልጃችሁ ጋር በእግር ተመለሱ። በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሩና ልጃችሁን በስልክ ብቻ የምታገኙ እናቶች ደግሞ አላችሁ፤ እናንተንም ሳስብ ነበር። ከምትደውሉባቸው ቀናት አንዷን «ገንዘቡ ደረሰ? ትምህርት እንዴት ነው?» የማይባልባት ቀን አድርጓት። የእናንተን የልጅነት ነገር አውሩለት፤ የእርሱንም ቀን ስሙት። እርሷም መንገድ ናት።

ወላጆች ሆይ፣ ከልጆቻችን ጋር ያለን ጊዜ አጭር ነው። በአሥራ አምስት ዓመቱ የጀመረ ልጅ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ከቤት ይወጣል። እስከዚያ ድረስ ስንት ቅዳሜ እንደቀራችሁ ቁጠሩት። ቁጥሩ ከምታስቡት ያነሰ ነው። ከእነዚያ መካከል ጥቂቶቹን ያለ ጭነት አሳልፏቸው። ነገ ልጃችሁ በራሱ መንገድ ርቆ ሲሄድ፣ መታጠፊያው ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ወላጅ እንዳለው ያውቅ ዘንድ።

በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ እግዚአብሔር ቤታችሁን ይባርክ። ሰላም ሁኑ!